ጥርስ ሠሪው ጭቃ ሲማር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጥርስ ስሠራ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ኢሎኢሎ ከተማ፣ ሃሮ ሰፈር፣ ከአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ፎቅ ላይ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ክፍል ነበረችኝ። ሐኪሙ ከታች የሰው አፍ ያስከፍታል፣ ልክ ይወስዳል፣ የጀሶውን ቅርጽ ወደ እኔ ይልካል። እኔ ደግሞ በሰም እቀርጻለሁ፣ በአክሪሊክ እሠራለሁ፣ አለስልሼ እመልሳለሁ። ባለጥርሱን አላየውም፤ እሱም መኖሬን አያውቅም። ገበያ መሐል አንዱ ሲስቅ ሳይ ግን ሥራዬን እለየዋለሁ። ሰውየውን አላውቀውምና ሰላም አልለውም፤ ጥርሱን ግን በልቤ ሰላም ብዬው አልፋለሁ።

እንዲህ ያለ ኑሮ ሰውን ያስታብያል። ማንም ስለማያይህ ማንም አይነቅፍህም። እኔም ከዓመት ዓመት ራሴን ዓለም ያላወቀው ታላቅ የጥበብ ሰው አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ። ሐኪሙ ሲሞት ልጁ ማሽን አስገባና፣ ለታላቅ ወንድ በሚባለው የአክብሮት ስም፣ "ኖንግ ሩስቲኮ፣ ከእንግዲህ ይረፉ" አለኝ። ታላቅነቴን ማክበሩ ነበር። አረፍኩ። ያላረፈችው ሚስቴ ናት።

ፑሪታ ከቤታችን ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ቤት ምሳ ትሸጣለች፤ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የአሳማ ሥጋ በጥቁር አተር። እኔ ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጥና ምክር እሰጣለሁ። ዓሣዎቹ ሰልፋቸው ተዛብቷል እላታለሁ። ሩዙን ስታወጪ ከወደ ግራ ይበዛል እላታለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"ሩስቲኮ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ታመም። እንዲህ ጤነኛ ሆነህ ስትጎለት አልቻልኩህም።"

"ምን ልሥራ?"

"ግላይዛ ዘንድ ሂድ። ጭቃ ታስተምራለች። እዚያ ሄደህ ምከር።"

ግላይዛ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሞሎ ሰፈር በሚገኘው የእናቷ ቤት በረንዳ ላይ ፖሊመር ጭቃ ታስተምራለች። ስሙ ጭቃ ይሁን እንጂ ነገሩ ፕላስቲክ ነው፤ እስኪጋገር ድረስ እንደ ሊጥ ይታዘዝሃል፣ ኦቨን ገብቶ ሲወጣ ይጠነክራል። ልጃገረዶች የጆሮ ጌጥ ይሠሩበታል፣ የቁልፍ መያዣ ይሠሩበታል፣ የጥፍር ያህል ሳህን ላይ የጥፍር ያህል ምግብ ይሠሩበታል። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። የሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ሩዝ የሚያላምጥ ዕቃ ስሠራ የኖርኩ ሰው፣ ለቁልፍ መያዣ ትምህርት ልገባ?

የገባሁት ለመማር አልነበረም። እንዲደነቁልኝ ነበር። ሃያ ሦስት መሣሪያዎቼን በቆዳ ጥቅል ይዤ ሄድኩ፤ መቅረጫው፣ መፋቂያው፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ የሆነው፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሆነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ በመጠን በመጠን ደረደርኳቸው። በረንዳው ላይ የነበሩት አምስት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። አንዷ የባንክ ሠራተኛ ጉንጯን በእጇ ያዘች።

"ኖንግ፣ የኔ መንጋጋ ደህና ነው፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ" አለችኝ።

ግላይዛ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አየች። "በጣም ያምራሉ ኖንግ። አሁን ያስቀምጧቸውና እጅዎን ይታጠቡ።"

"ከቤት ታጥቤ ነው የወጣሁት።"

"በምን መጡ?"

"በጂፕኒ።"

"ብረቱን ይዘው?"

የጣሪያውን መያዣ ብረት ይዤ ነበር። ጂፕኒ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ውስጥ ብረት ያልያዘ ሰው የሌላ ሰው ጭን ላይ ነው የሚወድቀው። ግን ለአንዲት ልጅ እጄን እንደ ሕፃን ማሳየት አልፈለግሁም፤ ዝም ብዬ ነጩን ጭቃ አንሥቼ ማሸት ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነጩ ጭቃ ዝናብ ያዘለ ደመና መሰለ። ከሸሚዜ የወጣ ቀይ ክር ሁለት ቦታ ላይ ተጋድሞበታል። ግላይዛ እርጥብ መጥረጊያና በአልኮል የራሰ ጥጥ አቀበለችኝ። ከዚያ ለሁላችንም የምትናገር መስላ፣ ነጭ ሁልጊዜ መጀመሪያ፣ ቀይ መጨረሻ እንደሚታሸ፣ ቀይ አንዴ ጣት ከያዘ ቀኑን ሙሉ እንደማይለቅ ተናገረች። ለእኔ ብቻ እንደሆነ አምስቱም ሴቶች ያውቃሉ።

የእሷ መሣሪያ ቢሰበሰብ የእኔን ጥቅል አንዱን ኪስ አይሞላም። አንድ የወለል ሴራሚክ፣ አንድ ምላጭ፣ ስቴኪኒ፣ ለመዳመጫ የምትጠቀምበት ጠርሙስ፣ ከወጥ ቤት ወጥቶ ወደ ወጥ ቤት የማይመለስ የፓስታ ማሽንና ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። የመጀመሪያው ሥራችን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ባትቾይ የሚባለው የከተማችን ሾርባ ነበር፤ ኑድሉ፣ ጉበቱ፣ ከላይ የሚነሰነሰው የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ ሳይቀር። የአሳማ ቆዳውን ሻካራነት ለማውጣት ጫፉ እንደ መርፌ በሆነው መቅረጫዬ አንድ ሰዓት ነጥብ በነጥብ ስወጋ ቆየሁ፤ ዓይኔ ፈሰሰ። ግላይዛ መጥታ አየችኝ። የጥርስ ብሩሹን አንሥታ ሌላ ቁራጭ ጭቃ ላይ ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችና ሄደች። ከእኔ ይልቅ የእሷ ነው የአሳማ ቆዳ የሚመስለው። ከሁሉ ያመመኝ ደግሞ የጥርስ ብሩሽ መሆኑ ነው።

ስንጨርስ ሁሉም ሥራውን ለግላይዛ ኦቨን ሰጠ። እኔ ግን ቤቴ ወስጄ እንደምጋግር ነገርኳት።

"ቴርሞሜትር አለዎት?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት አክሪሊክ አብስያለሁ፣ ግላይዛ። ሙቀት በአፍንጫዬ ነው የማውቀው።"

እውነትም በአፍንጫዬ አወቅሁት። የፑሪታ ትንሽ ኦቨን ውስጥ ከትቼ ጋዜጣ ማንበብ እንደ ጀመርኩ፣ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ጭሱ በመስኮት ወጥቶ ምሳ የሚበሉት ሰዎች ላይ ሲወርድ፣ ሰዎቹ ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። ጎረቤታችን ባልዲ ውሃ ይዞ እየሮጠ ገባ፤ ፑሪታ ክንዱን ባትይዘው ኤሌክትሪኩ ላይ ሊደፋው ነበር። ገመዱን ነቀለች፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፣ ቤቱ ውስጥ እንዳንቆም ወደ መንገድ አስወጣችን። ጭሱ ሲጠራ በጨርቅ ይዛ ትንሿን ጥቁር ነገር አወጣች።

"ምንድን ነው?"

"ባትቾይ።"

አገላብጣ አየችው። "ሃያ ዓመት ለፍቼ የሰበሰብኩትን ደንበኛ አንተ በአሥር ደቂቃ በተንከው" አለችኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእሷ ኦቨን አጠገብ እንዳልደርስ ተከለከልኩ፤ የራሴን ትንሽ ኦቨን ገዝቼ ጓሮ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ አስቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ግላይዛ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ሽታው ሞሎ ድረስ ተሰምቶ ይሁን፣ ፑሪታ ደውላ ይሁን አላውቅም። ከመሳቢያ ቴርሞሜትር አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

"የኦቨኑ ቁልፍ ይዋሻል ኖንግ። ይሄ አይዋሽም። መቶ ሠላሳ ላይ ሲረጋ ብቻ ያስገቡ። ሴራሚክ ላይ ያድርጉት፤ ቀጥታ እሳቱ እንዳያገኘው በፎይል ጎጆ ይሥሩለት። ሲበዛበት ይቃጠላል፣ ሲያንሰው ደግሞ ውሎ አድሮ እንደ ብስኩት ይሰበራል።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ሲቸገሩ ይጠይቁኝ።"

ይህቺን የመጨረሻዋን ብሰማት ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። ያልተጋገረ ጭቃ ቫርኒሽ እንደሚበላ ያወቅሁት ከፑሪታ እናት በወረስነው ጠረጴዛ ላይ ነው። ፕላስቲክንም እንደማይምር ያወቅሁት ያስቀመጥኩበት የፕላስቲክ ሳጥን ከጭቃው ተጣብቆ አልለቅ ሲል ነው።

ያም ሆኖ እጄ እየተፍታታ ሄደ። ከምግብ ወደ ሰው ተሻገርኩ። ከፎይል ውስጠኛውን አካል እጠቀልላለሁ፣ በሽቦ አንገቱን አቆማለሁ፣ ከላይ በጭቃ አለብሳለሁ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። የምሠራው ሰው ሁሉ ጥርሱን ያሳያል። ዓሣ ሻጭ ብሠራ ይስቃል። ቄስ ብሠራ ይስቃል። አንድ ቀን የተኛ ሽማግሌ ሠራሁ፤ እሱም ተኝቶ ይስቃል። ጥርሳቸው ፍጹም ነው። ፊታቸው ግን ከጥርሱ ዙሪያ እንደ ነገሩ የተለጠፈ ነው የሚመስለው፤ አፍንጫቸው ወደ ጎን፣ ዓይናቸው ወደ ጣሪያ።

የእህቴ ልጅ ሮዳሊን የምታገባው በግንቦት ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ለኬኩ የሙሽራና የሙሽሪት ምስል እንደምሠራ ለቤተሰቡ ሁሉ አስታወቅሁ። አምስት ሳምንት ሠራሁ። ለሙሽሪት አሥራ ሁለት ጥርስ ለየብቻ ቀርጬ ተከልኩ። ለሙሽራውም እንደዚያው። ሲጋገሩ ሳይቃጠሉ፣ ሳይሰነጠቁ ወጡ። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ጥርሶቹ እንደ እውነተኛ ጥርስ እርጥብ መስለው እንዲያበሩ ፈለግሁና፣ ከፑሪታ መስታወት ፊት ቀለም የሌለውን የጥፍር ቀለም ወስጄ ቀባኋቸው። ጥርሶቹ ስላማሩብኝ ልብሳቸውንም፣ ፊታቸውንም ቀባሁ። ግላይዛን ብጠይቃት ነገሩን በአንድ ቃል ትጨርሰው ነበር። ግን ሰው ሊያስደንቃት የሚፈልጋትን ልጅ እንዴት ምክር ይጠይቃታል?

የጥፍር ቀለም ፖሊመር ጭቃ ላይ አይደርቅም። የመጀመሪያው ቀን የደረቀ ይመስላል፤ ከዚያ ያላብና እንደ ማስቲካ ይሆናል። የሠርጉ ዕለት ሙቀቱ ሲበረታ የሙሽራው ምስል ኮት ላይ ካስቀመጥኩበት ሳጥን የወጣ ጥጥ በቅሎበታል። የሙሽሪት ፊት ላይ የኔ የአውራ ጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኬኩ አዳራሹ መሐል ሲቆም ደግሞ አንዲት ዝንብ መጥታ የሙሽሪት የፊት ጥርስ ላይ አረፈች። አልተነሣችም። መነሣት አልቻለችም።

ሮዳሊን ጎንበስ ብላ ምስሏን ለረጅም ጊዜ አየችና ወደ እኔ ወደ አጎቷ ዞረች።

"ቲዮ፣ እኔ እንዲህ ነው የምስቀው?"

"ደስ ሲልሽ።"

"ደስ ሲለኝ ነው ወይስ ሲርበኝ?"

በዙሪያዋ የቆሙት ሳቁ። አንዲት ሕፃን ምስሏን አይታ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ፎቶ አንሺው ነገሩን አይቶ አሰበና፣ በአክብሮት፣ የኬኩን ሙሽሮች ወደ ግድግዳው አዞራቸው። እስከ ዛሬ የሠርጉን አልበም የሚያይ ሰው ኬኩ ላይ የሚያየው የሁለት ሰዎች ጀርባ ነው። ፑሪታ አጠገቤ ቆማ የጥፍር ቀለሟ የት እንደገባ በዚያች ሰዓት ገባት። አልተናገረችም። እሷ ዝም ስትል ነው የምፈራት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ጭቃ አልነካሁም። ግላይዛ ጋርም አልሄድኩም። ፑሪታ አጠገብ ተቀምጬ ስለ ዓሣው ምንም አልልም ነበር። ይህ አሳስቧት ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ሰው ይፈልግሃል" ብላ ስትጠራኝ ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር።

የመጣችው ናንግ አዶራሲዮን ናት። በዕድሜ በስምንት ዓመት ስለምትበልጠኝ ነው ናንግ የምላት፤ ሁለት መንገድ አልፎ ነው ቤቷ። ባሏ ሲሴናንዶ ከሃሮ እስከ ላፓስ ሰፈር ጂፕኒ የሚነዳ ሰው ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመቱ። ሠርጉ ላይ በማብሰል ስታግዝ አይቻታለሁ። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳት።

"ያንን የኬኩን ሙሽራ የሠራኸው አንተ ነህ?" አለችኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ናንግ" አልኩ። ለማን ይቅርታ እንደምጠይቅ ባላውቅም በዚያ ሰሞን ከሁሉም ጋር የምጀምረው በዚህ ነበር።

"ያ ሙሽራ የሲሴናንዶን ጥርስ ነው ያደረገው።"

ያንን ሙሽራ በልቤ አገላብጬ አየሁት። ከዚያ እንዳለችው ሆኖ ታየኝ። ሳላስብ እጄ የሚያውቀውን ሠርቷል። ሲሴናንዶ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ፎቁን ወጥቶ እኔን ያየ ብቸኛ በሽተኛ ነው። ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ በሬ ላይ ቆሞ፣ "ሐኪሙ ቀጥ ያለ ጥርስ ሊሰጠኝ ነው" አለኝ። "ቀጥ ያለ ጥርስ ይዤ ብገባ አዶራሲዮን በር አትከፍትልኝም።" አንዱ የክራንቻ ጥርሱ ወደ ፊት ወጣ ብሎ ጎኑ ያለውን ይጋፋ ነበር። እሱን እንዳለ ሠራሁለት። ሐኪሙ ሲያየው "ጠማማ ጥርስ ሠርተህ ስሜን ልታጠፋ ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። እኔም በዚያን ቀን ብቻ መልስ ሰጠሁት፤ ባለቤቱ ነው የፈለገው አልኩት።

ይህን ስነግራት ናንግ አዶራሲዮን ራሷን ነቀነቀች። ታውቀዋለች።

"ፎቶዎቹ ሁሉ አፉ ዝግ ነው" አለችኝ። "የሠርጋችንም፣ የመንጃ ፈቃዱም። ካሜራ ሲያይ ወታደር ይሆን ነበር። ጥርሱም አብሮት ተቀበረ። የልጅ ልጆቹ እንዴት እንደሚስቅ አያውቁም። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እየጠፋብኝ ነበር። ያንን ሙሽራ ሳይ ግን መጣልኝ።"

"ናንግ፣ እኔ ፊት አልችልም። ሠርጉ ላይ አይተውኛል።"

"ፊቱ ፎቶው ላይ አለልኝ። የምፈልገው ሳቁን ነው።"

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ብቻዬን ግን እንደማልችለው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝና በዚያው ሳምንት ግላይዛ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ሳምንት የት እንደ ነበርኩ አልጠየቀችኝም። ነገሩን ነገርኳት። አፉን ብቻ ብሠራላትስ አልኳት።

"አፍ ብቻ?" አለች። "ኖንግ፣ አሮጊቷ መደርደሪያ ላይ አፍ ብቻ ተቀምጦ ሲስቅባት? ሊገድሏት ነው?"

ተመካከርን። መሪ ይዞ ወደ ጎን ዞር ብሎ የሚስቅ ሹፌር እንሥራ ተባባልን፤ ኮፍያው ዝቅ ብሎ ዓይኑን በጥላ ይሸፍነዋል። ኮፍያውን፣ አፍንጫውን፣ እጁን እሷ ትሠራለች። እኔ ከአፍንጫው በታች። ለጥርሱ ነጭ እንዳልጠቀም እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ ከሷ በላይ የማውቀው ይህቺን ብቻ ነው። የሰው ጥርስ ነጭ አይደለም። ብርሃን የሚያሳልፈውን ጭቃ ወስደን ትንሽ ነጭ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቢጫ፣ ከሷም ያነሰ ቡናማ ቀላቀልንበት። እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ሸሚዜንም ነጭ ለብሼ ነው የሄድኩት። ሲጋገር ቴርሞሜትሩ ፊት ተቀምጬ አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሲቀዘቅዝ ውሃ ውስጥ እየነከርን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። የጥፍር ቀለም የሚል ቃል ማንም አላነሣም።

ናንግ አዶራሲዮን መጥታ አየችው። ሁለታችንም ቆመናል። በጣቷ ኮፍያውን ነካች። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ።

"እሱ ነው" አለች። "ጥርሱ ግን በዚህ በኩል አልነበረም።"

"ምን?"

"የሚጋፋው። በግራ ነበር። አንተ በቀኝ አደረግኸው።"

ጆሮዬ ጋለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ግራና ቀኝ እየለየሁ እንጀራዬን የበላሁ ሰው እንዲህ አይሳሳትም ብዬ ተከራከርኳት። ከሟች ሚስት ጋር ስለ ባሏ ጥርስ! ግላይዛ ክንዴን ጎተት አደረገችኝ። እርግጡን ለማወቅ ሮዳሊን ቤት ሄድኩ። ምስሎቹ እንዳይጣበቁባት ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከበረዶውና ከዓሣው መሐል አስቀምጣቸዋለች። ሙሽራውን አወጣችልኝ። የሚጋፋው ጥርስ በግራ ነው። ሳላስብ የሠራሁት ትክክል፣ አስቤ ተጨንቄ የሠራሁት ስህተት።

የዚህ ጭቃ ደግነቱ እንደገና መጋገር መቻሉ ነው። የጠነከረውን ጥርስ በምላጭ ቆርጬ አወጣሁ፣ አዲስ ተከልኩ፣ መልሼ ጋገርኩት። ናንግ አዶራሲዮን ለሁለተኛ ጊዜ መጥታ አየችው። በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘችው። በር ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

"ሩስቲኮ፣ ሐኪሙ የጮኸብህ ጊዜ ሲሴናንዶ ከደረጃው ሥር ቆሞ ሰምቷል። ቤት መጥቶ 'ፎቅ ላይ ያለው ሰውዬ ተከራከረልኝ' አለኝ። ስምህን አያውቅም ነበር። እኔም ያ ሰው አንተ መሆንህን እስክትነግረኝ ድረስ አላውቅም ነበር።"

ከሄደች በኋላ ፑሪታ ሳህን ልታጥብ ገባች፤ እኔም ጓሮ ገብቼ ኦቨኑን ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። ንጹሕ ነበር።

ሲሴናንዶ አሁን ልጁ በሚነዳው ጂፕኒ ውስጥ ከመሪው በላይ ተቀምጧል። በእሱ ምክንያት ሌሎች መጡ፤ የእናታቸውን፣ የወንድማቸውን ፎቶ ይዘው፣ አንዳንዱም ፎቶ እንኳ ሳይኖረው በእጁ እያሳየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግላይዛ ዘንድ እሠራለሁ፤ ተማሪዋም ረዳቷም ነኝ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ እጅ አስታጥባለሁ፣ በምን እንደ መጣም እጠይቃለሁ። ባለፈው ወር ጆሮ ጀመርን። ግላይዛ የመጀመሪያዬን ጆሮ አይታ በሾርባ የሚበላው የሞሎ ጥቅል ሊጥ፣ ዱምፕሊንግ ነው ወይ አለችኝ። ሁለተኛውን ስታይ ግን ስለ ሾርባ አላነሣችም፤ የጥርስ ብሩሿን አንሥታ ትንሽ ጫን አደረገችውና ወደ ባንክ ሠራተኛዋ ሄደች።